ማብላት ብቻውን ማኖር ነውን?

አንባቢ ሆይ፣ ስለ አንድ ትንሽ ዓሣ ይህን ያህል ቀለምና ወረቀት ማጥፋት ምን ይረባል ብለህ ገና ከአርእስቱ ላይ እንዳትስቅብን እንለምንሃለን። እኛም በመጀመሪያ ስቀን ነበር። ነገሩ ግን ከሣቅ ወደ ክርክር፣ ከክርክርም ወደ ጸጸት ስላደረሰን፣ ለጓደኞቻችን ብናካፍለው ይጠቅማል ብለን ጻፍነው።

በአንድ ክፍል የምንኖር ሦስት ተማሪዎች ነን። ባለፈው ዓመት ገንዘብ አዋጥተን፣ አዲስ አበባ የጌጥ ዓሣ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ፣ ቤታ የሚባለውን ዓሣ ገዛን። ቀለሙ ሰማያዊ፣ ክንፉም እንደ ካባ የሚንዘረፈፍ ነውና «ልዑል» አልነው። አፈ ሰፊ በሆነ ብልቃጥ አኖርነው፤ ጠዋትና ማታ አበላነው፤ ውኃውንም ለወጥንለት። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? አልን። ክረምት ሲገባ ከመካከላችን አንዱ የአምባሰል ልጅ ነውና፣ ሦስታችንም ከግሸን አምባ ሥር ወዳለው ቤተ ሰቡ ስንሄድ ልዑልን ይዘነው ሄድን።

እዚያ ልዑል ባሕርዩ ተለወጠ። ከብልቃጡ ሥር ተጋድሞ ይውላል፤ ምግብ ቢጣልለት ቀና አይልም። የጓደኛችን አያት አንድ ቀን ብልቃጡን ትክ ብለው አዩና፣ «ልጆቼ፣ ይህስ ምን አጥፍቶ ታሰረ?» አሉን። «እማማ፣ አልታሰረም፤ እኛኮ በሰዓቱ እናበላዋለን» ብንላቸው፣ በአገጫቸው ወደ አምባው እያመለከቱ፣ «ከላይ የነበሩትስ መች እንጀራ አጡ?» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ይህች ቃል ሌሊቱን ሙሉ ስታከራክረን አደረች። ግሸንን ዛሬ ሁላችን የምናውቀው በግማደ መስቀሉና መስከረም 21 ቀን በሚከበረው በዓል ነው። ነገር ግን ያው አምባ በዘመኑ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተብሎ የሚጠበቁበት እስር ቤት ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ1426 ዓ.ም. የነገሡት ከዚያ ወርደው ነው። የሚበላና የሚለበስ ነበራቸው፤ ያጡት መውጣትንና መግባትን ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ በሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ የተመለሰው «ራስላስ» መነሻው ይኸው የልዑላኑ እስራት ወሬ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ልዑሉ በደስታ ሸለቆ ተቀምጦ ሁሉ ሞልቶለት ሳለ ይሰለቻል፤ ፍየሎቹን እያየም፣ እነዚህስ ከጠገቡ ይበቃቸዋል፣ እኔ ግን ጠግቤም ዕረፍት የለኝም ብሎ ያዝናል።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና ጆንሰንን እናከብራለን። በዚህች በአንዲት ነገር ግን ከእርሱ ጋር አንስማማም። እንስሳም ቢሆን ጠገበ ማለት ኖረ ማለት አይደለም። በስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ቆሞ፣ አንበሳው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲመላለስ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ያ አንበሳ ሥጋው ተሰጥቶታል፤ የሚያድነው ግን የለውም። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ያሉት አባቶቻችን ምናልባት ለሰው ብቻ አልተናገሩት ይሆናል።

ስለ ልዑል ወገኖች ስንጠይቅና ስናነብ ያገኘነው ይህ ነው። አገራቸው ቀድሞ ሲያም ትባል የነበረችው ታይላንድ ናት፤ መንግሥቷም በ2019 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የውኃ እንስሳ ብሎ ሰይሟቸዋል። በሩዝ ማሳና በረግረግ፣ ሣር በበዛበት ውኃ ይኖራሉ። ከውኃው ላይ ብቅ ብለው አየር ስለሚተነፍሱ በጠባብ ዕቃ ውስጥ ሳይሞቱ ይቆያሉ፤ ሰውም ይህን አይቶ ብልቃጥ ይበቃቸዋል አለ። አለመሞት ግን ሌላ፣ መኖር ሌላ ነው። በአገሩ ወንዱ ወሰኑን ይጠብቃል፣ ትንኝ ያድናል፣ ከአረፋ ጎጆ ሠርቶ ዕንቁላሉን ይንከባከባል። በእኛ ብልቃጥ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

መጀመሪያ ግን ስሕተታችንን እንናዘዝ። ልዑል የሰለቸ ብቻ አልነበረም፤ በርዶትም ነበር። እርሱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሚሞቅ ውኃ ይፈልጋል፤ እኛም ወደ ደጋ፣ ያውም በክረምት ወሰድነው። ስለዚህ የሞቀ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ከብልቃጡ አጠገብ አድርገን በጋቢ ጠቀለልነው። የበረደውን ዓሣ በጨዋታ አነቃዋለሁ ማለት የራበውን ሰው በቀልድ እንደ ማጥገብ ነው።

ከተመለስን በኋላ 20 ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ከነማሞቂያውና ከነክዳኑ ገዛንለት፤ ክዳን ከሌለው ዘሎ ይወጣልና። ጠርዙ ክንፉን እንዳይቀድ የተፋቀ የሸክላ ገል መደበቂያ አደረግንለት፤ የውኃ ላይ ተክልም ጨመርን። ገሉን አልፎ አልፎ ቦታ ስንለውጠው፣ ልዑል አዲስ አገር እንዳገኘ መንገደኛ ዙሪያውን ይመረምራል። የትንኝ እጭ ስናገኝ በሕይወቱ እንሰጠዋለን፤ አድኖ ይበላዋል። ከመመገባችን በፊት ጣታችንን በመስተዋቱ ላይ ስናንሸራትት ቆይተን፣ ሲከተለን እንሸልመዋለን፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላው ለመደው። መስታወት ብናሳየው ጠላት የመጣበት መስሎት ጉንጩን ነፍቶ ይፎክራል፤ ይህ ግን ለሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ሲረዝም ጨዋታነቱ ቀርቶ ሥቃይ ይሆንበታል። ጓደኛ እንዲሆነው ብሎ ሌላ ወንድ መጨመር ደግሞ ሁለቱን ማዋጋት ነው።

አሁን የወቀሳው ተራ ነው። «ሰው የሚበላው አጥቶ ሳለ ለዓሣ ጨዋታ ታስባላችሁን?» ብለው የገሠጹን ጓደኞች አሉ። የ1966 ዓ.ም. ረሃብ በወሎ ያደረሰውን ከአያቶቹ አፍ የሰማ ልጅ በመካከላችን ስላለ፣ ይህን ወቀሳ እንደ ቀልድ አናየውም። እንዲያውም ለገንዳውና ለማሞቂያው ያወጣነው ገንዘብ ከሌላ ጉዳይ ይቀድም ነበር የሚለን ቢኖር መልስ የለንም። ነገር ግን ዓሣው ወደ እኛ በገዛ ፈቃዱ አልመጣም፤ እኛ ለዓይናችን ደስታ ገዛነው። ከገዙት በኋላ በብልቃጥ ማማቀቅ ለተራበው ሰው አንዲት ጉርሻ አይጨምርለትም። ገልና የትንኝ እጭም ዋጋ የላቸውም፤ የሚጠይቁት በቀን ጥቂት ደቂቃ ማስተዋልን ነው። በእጁ ያለውን ዝምተኛ ፍጥረት ማስተዋል ያልለመደ ሰው፣ ነገ ሹም ሲሆን ዝም ያለውን ድኻ እንዴት ያስተውላል?

«እንግዲያው ወደ ሐይቅ ወስዳችሁ ልቀቁት» ያሉንም ነበሩ። ይህ ቸርነት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ለእርሱ ውኃው ይበርደዋል፤ ለሐይቁም እንግዳ ዓሣ መጣል የነባሮቹን ኑሮ ማናጋት ሊሆን ይችላል። የራስን ኃላፊነት ሐይቅ ውስጥ ወርውሮ መሄድ ነፃ ማውጣት አይባልም።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። ቦታውና ጊዜው የሌለው ሰው አይግዛ። የገዛ ግን ምግብና ውኃ ሰጠሁ ብሎ አይመካ፤ ሙቀቱን፣ ስፋቱንና የሚውልበትን ሥራ ጨምሮ ይስጥ።

በቅርቡ የጓደኛችን አያት በስልክ፣ «ያ እስረኛችሁ እንደ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁን። «እማማ፣ አልተፈታም፤ ግን ሥራ ይዟል» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ይሁን፤ ሁለተኛ ግን አትግዙ» አሉን። ምክራቸውን ተቀብለናል።