የተረከዝ ሕመምና የመምህሩ ወንበር

ባለፈው ወር አንዲት ዕጩ መምህርት የማስተማር ልምምድ ስታደርግ እኔ ቅጽ ይዤ ከኋላ ተቀምጬ እገመግማት ነበር። ትምህርቷን በሚገባ ተዘጋጅታበታለች፤ ድምጿም የጠራ ነው። ይሁንና ከክፍለ ጊዜው አጋማሽ ጀምሮ ቀኝ ተረከዟን ከወለሉ እያነሣች በጣቶቿ ስትቆም አየሁ። ስንወጣ «ምን ሆነሽ ነው?» ብላት፣ «ኧረ ምንም አይደል መምህር፤ ጧት ጧት ተረከዜን ሚስማር እንደወጋው ያደርገኛል። ቁጭ እንዳልል ደግሞ ነጥብ ይቀነስብኛል ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው። በእጄ የያዝኩት ቅጽ «ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ቆሞ አስተምሯል?» የሚል ጥያቄ አለበት። እኔም «አዎን» በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ነበር።

ብዕር ያስነሣኝ ያ ምልክት ነው። ሕመሙን አውቀዋለሁና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዓመት ሙሉ አሠቃይቶኛል። ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያዋን እርምጃ ስረግጥ እሳት ነው። ጥቂት ከተራመድኩ ረገብ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ሊሾው ላይ ስቆም ተመልሶ ይመጣል። ሪህ ነው ያለኝ አለ፤ ብርድ ነው ያለኝም አለ። ወጌሻ አሽቶኛል፤ በጨው ውሃ ዘፍዝፌያለሁ። ራጅ ተነሥቼ «ትርፍ አጥንት በቅሏል» ስባልማ እንቅልፍ አጣሁ። ኋላ እንደተረዳሁት ግን ይህ ትርፍ አጥንት ምንም ሕመም በሌላቸው አያሌ ሰዎች ተረከዝ ላይም ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው እሱ አይደለም።

ታዲያ ማን ነው? ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ጅማት መሰል ወፍራም ሽፋን አለ። እንደ ደጋን ገመድ የውስጥ እግራችንን ጎድጓዳ ወጥሮ ይይዛል። በጠንካራ ወለል ላይ ብዙ መቆም፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ፣ የክብደት መጨመር፣ የባት መጠንከር፣ ድንገት የተጀመረ ሩጫ ይህን ሽፋን ከተረከዙ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ላይ ይጎዱታል። ሌሊት ሲያርፍ ይኮማተራል፤ ጧት ስንረግጠው በአንድ ጊዜ ይወጠራል። የመጀመሪያዋ እርምጃ የምታቃጥለው ለዚህ ነው። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉት ሰዎች ይበዛል እንጂ ወጣቱንም አይምርም።

ከአሥር ታማሚ ስምንቱ ወይም ዘጠኙ በአንድ ዓመት ገደማ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። እኔን የጠቀመኝ ምንም ገንዘብ ያላወጣሁበት ነገር ነው፦ ገና ከአልጋ ሳልወርድ የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አጣጥፌ፣ ጣቶቹን በእጄ ወደ ቅልጥሜ እስባለሁ፤ እስከ አሥር ቆጥሬ እለቃለሁ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ሳልታክት ለሁለት ወር ያህል ከሠራሁት በኋላ ነው ለውጡን ያየሁት። ግድግዳ ተደግፎ የኋላውን ተረከዝ ከመሬት ሳያነሡ ባትን ማሳሳብም ይረዳል። በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ (የፕላስቲኩን ማለቴ ነው) በውስጥ እግር ማንከባለል ሕመሙን ያስታግሣል። ቤት ውስጥም ቢሆን ሊሾ ላይ በባዶ እግር አትሂዱ፤ ስስ ነጠላ ጫማም ከባዶ እግር አይሻልም። ተረከዙ ላይ የሚወጋ መርፌ ለጊዜው ቢያሽልም ሽፋኑን ሊበጥስ ስለሚችል ለእሱ አትቸኩሉ።

ከወደቃችሁ በኋላ መርገጥ ካቃታችሁ፣ እግሩ ካበጠ፣ ከደነዘዘ ወይም ትኩሳት ካለ፣ ወይም ተኝታችሁም ካልተዋችሁ ግን ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የስኳር ሕመም ያለበትም እንዲሁ።

ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳወራ አንድ ባልደረባዬ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፎ የለም እንዴ!» ብሎ አሳቀን። ልክ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፏል። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ግን ጫማ አድርጎ ነው። ደግሞስ እሱ ሮጠ እንጂ ሊሾ ላይ በየቀኑ ስድስት ክፍለ ጊዜ ተገትሮ አልዋለ!

«የተቀመጠ መምህር ክፍል አይቆጣጠርም» የሚሉ አሉ። ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ የሚያንቀላፋ መምህር መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ተማሪው የክፍል ሥራ ሲሠራ ለአምስት ደቂቃ ማረፍና ሲያንቀላፉ መዋል አንድ ናቸው? በዴስኮቹ መካከል እየተዘዋወረ የሚያስተምርና አልፎ አልፎ የሚቀመጥ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር እንደ ምሰሶ ከቆመው ይልቅ ተማሪውን ያያል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ግን ዕጩዎቻችንን በነጥብ እያስፈራራን ሕመም መደበቅን እያስተማርናቸው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ከቅጹ ይውጣ። በእሱ ፋንታ «ተማሪዎችን እየተዘዋወረ ተከታትሏል?» ይባል። ከየክፍሉ ተነሥተው መጋዘን የተከመሩት የመምህር ወንበሮችም ይመለሱ። የዕጩዋን ቅጽ ገና አላስረከብኩም፤ የሚመለከተው ክፍል በዚሁ ሰሌዳ ላይ መልስ እንዲሰጠን እጠይቃለሁ።