የተወለደ ማደግ አለበት

«ዳግም መወለድ» የሚለው ቃል የስንቱን ቤት ሰላም ሲያደፈርስ አያለሁ። እናት ልጇን በ80 ቀኗ አቅፋ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ ክርስትና አስነሥታለች። ልጅቱ አደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ከወንጌላውያን አማኞች ጋር መጸለይ ጀመረች። አንድ ቀን ቡና ላይ «እኔ እኮ ዳግም የተወለድኩት ዘንድሮ ነው» ትላለች። እናት የምትሰማው «ያንቺ ድካም ከንቱ ነበር» የሚል ስድብ ነው። ልጅቱ ልትናገር የፈለገችው ደግሞ «አሁን ገባኝ» የሚል ደስታ ነው። ቡናው ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል። ልዩ ልዩ ስም ያላቸው ብዙ ቤተሰቦች ይህችኑ ታሪክ አጫውተውኛል።

ቃሉ የመጣው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ነው። ኒቆዲሞስ የሚባል የአይሁድ አለቃ፣ ከፈሪሳውያን ወገን የሆነ መምህር፣ በሌሊት ወደ ጌታ መጣ። ሰው ዳግመኛ ካልተወለደ የእግዚአብሔርን መንግሥት ሊያይ እንደማይችል ሲነገረው ግራ ገባው። የሸመገለ ሰው እንዴት ወደ እናቱ ማሕፀን ይመለሳል ብሎ ጠየቀ። ጌታም ልደቱ ከውኃና ከመንፈስ መሆኑን ነገረው። ቤተ ክርስቲያናችን ከዐቢይ ጾም እሑዶች ሰባተኛውን በዚህ ሰው ስም «ኒቆዲሞስ» ብላ ትጠራዋለች።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ይህ ልደት ጥምቀት ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን የሚጠመቁት ያለ ምክንያት አይደለም። በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት እንደገቡ ተጽፏል። ሕፃኑም በተጠመቀ ጊዜ አዳም ያጣውን ልጅነት ያገኛል እንላለን። ሕፃኑ ገና አፍ ስላልፈታ በሥርዓቱ ላይ የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ስለ እርሱ ይናገራሉ። ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ሰይጣንን ይክዳሉ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ሃይማኖታቸውን ይመሰክራሉ። ሕፃኑ ከውኃው ወጥቶ በቅብዐ ሜሮን ይታተማል፣ በዚያው ዕለትም ሥጋ ወደሙ ይቀበላል።

ወንጌላውያኑ ደግሞ ዳግም ልደት ሰው በራሱ አንደበት ክርስቶስን አምኖ ሲቀበል ይሆናል ይላሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የሚያጠምቁትም ያመነውን፣ ለራሱ መመስከር የሚችለውን ሰው ነው። ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው፤ ቡና ላይ ተከራክረን የምንጨርሰው አይደለም። እኔም በዚህ ዓምድ አልዳኘውም። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ የተወለደ ማደግ አለበት። ኦርቶዶክሱ «ተጠምቄያለሁ፣ በቃኝ» ብሎ ንስሐን ሊተው አይችልም። ወንጌላዊውም «አንድ ቀን ጸልዬ ተቀብያለሁ» ብሎ እንደ ቀድሞው መኖር አይፈቀድለትም። ሕፃን ወልዶ ጡት የማያጠባ ወላጅ ምን ይባላል?

ለእኛ ለወላጆችና ለአያቶች ጥያቄው ያለው እዚህ ላይ ነው። ክርስትና ሲነሣ ድግሱን እናውቅበታለን። ድፎው ይደፋል፣ ፎቶው ይነሣል፣ ዘመድ ይጠራል። የክርስትና አባት ስንመርጥ ግን ብዙ ጊዜ የምናስበው ዝምድና ስለማጥበቅ ነው፤ አንዳንዴም፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ስለሚመጣው ስጦታ። ያ ሰው ግን በዚያን ዕለት ምላሱን ለሕፃኑ አውሶ ቃል ገብቷል። ሕፃኑ አፍ ሲፈታ «በአንተ ፈንታ ይህን ብያለሁ፤ ትርጉሙም እንዲህ ነው» ብሎ ሊያስረዳው ይገባል። ስንቶቻችን ነን የክርስትና ልጃችን ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ የምናውቅ?

ስሙም አብሮ ይጠፋል። ሐዘን ቤት ካህኑ ለፍትሐት «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብለው ሲጠይቁ ልጆች እርስ በርስ ሲተያዩ ታዝቤያለሁ። አንድ አክስት ወይም አንዲት አሮጊት ጎረቤት ተፈልጋ ነው «ገብረ ሚካኤል ነበር መሰለኝ» የምትለው። ሰውየው ሰባ ዓመት ሙሉ ያን ስም ይዞ ኖሯል፤ የሚያስታውሰው የተገኘው ግን ሲቀበር ነው። ዳግም የተወለደበትን ስም ቤተሰቡ ካላወቀው፣ ልደቱንስ ማን ነገረው?

«እኛ እንግዲህ አርጅተናል፣ ልጆቹን አስተምሩ» የሚሉ አያቶች አሉ። ለእነርሱ የኒቆዲሞስ ታሪክ ደግ መልስ አለው። ስለ ሽምግልና የጠየቀው እርሱ ነው፤ በዚያች ሌሊት ግን ሁሉ ነገር ገብቶት አልሄደም። ወንጌሉ ሁለት ጊዜ እንደገና ያሳየናል። በምዕራፍ 7 በአለቆቹ መካከል ሆኖ፣ ሰው ቃሉ ሳይሰማ አይፈረድበትም ብሎ ይከራከራል፤ ይሰደባልም። በምዕራፍ 19 ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑበት ሰዓት ከርቤና እሬት ይዞ፣ ከአርማትያሱ ዮሴፍ ጋር ጌታን ይቀብራል። በሌሊት ተደብቆ የመጣው ሰው በመጨረሻ በአደባባይ ቆመ። መታደሱ አንድ ሌሊት ሳይሆን ረጅም መንገድ ፈጀበት።

ጥምቀት አንድ ናት፣ አትደገምም። የሚደገመው ንስሐ ነው። አባቶች ተጠማቂው በኃጢአት ሲወድቅ በንስሐ ይታደሳል የሚሉት ለዚህ ነው። ይህንንም ልጆች የሚማሩት ከስብከት ይልቅ ከቤት ነው። አሥራ አምስት ዓመት ከወንድሙ ጋር በመሬት ተካስሶ የተኳረፈ አያት፣ አንድ ጠዋት ከዘራውን ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲሄድ የልጅ ልጁ ካየ፣ ዳግም ልደት ምን እንደሆነ ሌላ አስረጂ አያስፈልገውም። ኩርፊያውን ይዞ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ካየም ያንኑ ይማራል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ብታደርጉት የምለው ሦስት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ የቤተሰቡን ሁሉ የክርስትና ስም፣ የተጠመቁበትን ቤተ ክርስቲያንና የክርስትና አባትና እናታቸውን በደብተር ጻፉ፤ አያቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። ሁለተኛ፣ የክርስትና ልጅ ያላችሁ ደውሉለት፤ ስጦታ አያስፈልግም፣ ደኅንነቱን ጠይቁት። ሦስተኛ፣ ልጃችሁ «ዳግም ተወለድኩ» ብሎ ሌላ መንገድ ከያዘ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት «ምን ተለወጠብህ ልጄ?» በሉት። መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት። ኒቆዲሞስ በሌሊት ሲመጣ ጌታ አልመለሰውም፤ አስቀምጦ አነጋገረው።