ሽሮው ከምን እንደተፈጨ ይጻፍበት

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሽሮ መወደድ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ሽምብራ ወደ ውጭ መላኩ ይታገድ ይላሉ። የሸማቹ ችግር አንገብግቧቸው እንደጻፉት ያስታውቃል፤ በመፍትሔው ግን አልስማማም። በአዳ፣ በምንጃር፣ በደምቢያ ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ዋልካው አፈር በያዘው ርጥበት ብቻ ይበቅላል፣ ለመሬቱም ናይትሮጅን ይተውለታል። ይህን ያመረተ ገበሬ የፓኪስታን ወይም የሕንድ ገዢ የተሻለ ዋጋ ሲያመጣለት በሩ ይዘጋበት ማለት ከአንዱ ድሃ ወስዶ ለሌላው መስጠት ነው። አንዳንድ ላኪዎች ለአስመጪነት ሥራቸው ዶላር ለማግኘት ሲሉ ጥራጥሬ ከዓለም ዋጋ በላይ እየገዙ በኪሳራ ይልኩ እንደነበር አውቃለሁ፤ ገበያውንም አበላሽቶታል። እሱ ግን የምንዛሪ እጥረት ያመጣው ጣጣ ስለሆነ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. እንደተጀመረው በምንዛሪው በኩል የሚታረም እንጂ በገበሬው ላይ የሚወራረድ አይደለም።

እኔን ከዋጋው በላይ የሚያሳስበኝ ሰው ሽሮ ሲገዛ ምን እንደገዛ አለማወቁ ነው። በየሱቁ ከማያቸው ከረጢቶች አብዛኞቹ ላይ «ምጥን ሽሮ» ወይም «ልዩ የጾም ሽሮ» የሚለው በትልቁ ይታተማል፤ የሽምብራ ይሁን የአተር፣ የባቄላ ይሁን የጓያ፣ ወይም ምን ያህሉ ከምን እንደተቀላቀለ ግን አይገለጽም። እናንተም የአንድ ኪሎ ሽሮ ዋጋ ይህን ያህል ገባ ብላችሁ ስትጽፉ የየትኛው እህል ሽሮ እንደሆነ አትነግሩንም። እህሉ ካልታወቀ ተወደደ ወይም ረከሰ ማለት እንዴት ይቻላል?

የባልትና ሥራ እንጀራዬ ነው። ሽምብራው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይታመሳል፤ ከዚያ ተከክቶ ገለባው ይበጠራል። ክኩ ላይ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ ገብቶ ፀሐይ ይመታዋል፤ ቀጥሎ ወደ ወፍጮ ቤት ነው። ክክ ሳለ ማንም ሰው ያውቀዋል። የባቄላ ክክ ሰፋ ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ የአተር ድቡልቡል ነው፣ ጓያም በራሱ ቅርጽ ይለያል። ከተፈጨ በኋላ ግን፣ በተለይ በርበሬ ቀለሙን ከሸፈነው፣ የሃያ ዓመት ባለሙያም ብትሆን በዓይኗ ብቻ እርግጠኛ መሆን አትችልም። በጣቷ አሽታ፣ አሽትታ፣ በስተመጨረሻም ሠርታ ቀምሳ ትገምታለች። ቤቷ የምታዘጋጅ እናት እህሉን ራሷ ስለምትመርጥ ይህ ሁሉ አይመለከታትም። ዛሬ ግን ከተማ ውስጥ ግቢ የሌለው፣ ስጥ የሚያሰጣበት ቦታ ያጣ፣ ከሥራ አምሽቶ የሚገባ ሰው ብዙ ነው። እሱ የሚተማመነው በከረጢቱ ነው።

ጓያን ያነሳሁት ለማስፈራራት አይደለም። በጎጃምና በጎንደር የጓያ ሽሮ የሚወደድ ምግብ ነው፤ እኔም በልቼዋለሁ፣ ይጣፍጣል። ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ የበላው ሰው የሚፈራው ነገር የለም። ጉዳቱ የሚመጣው ለወራት ዋና ቀለብ ሲሆን ነው። ጓያ ድርቅንም ውሃ የተኛበትን መሬትም ስለሚችል፣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል፤ ድሃውም እሱኑ ብቻ እየበላ ይከርማል። በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭ ይጎዳል፤ እግር ይይዛል፤ አንዴ ሽባ ያደረገውን ሰው የሚመልስ መድኃኒት የለም። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያና በፎገራ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በደላንታና ዳውንት ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል፤ ከሴቶች ይልቅ ወጣት ወንዶች በርትቶባቸው ነበር። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ዋሴ የሚባል መርዙ ያነሰ ዝርያም በአገራችን ተለቋል። እንግዲህ ጓያ ነው ተብሎ የተነገረው ሰው መጠንቀቂያ አለው። ያልተነገረው ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል?

ሽሮ አልፎ አልፎ የሚቀርብ ምግብ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ባላከረርኩት። ጿሚው በዓመት ከ180 የማያንሱ ቀናት ሥጋና ወተት አይቀምስም፤ ገቢው ዝቅ ያለው ሰው ደግሞ ፍስክ ይሁን ጾም ማዕዱ ሽሮ ነው። የተማሪ ቤት ወጥ ሽሮ ነው፣ የቀን ሠራተኛው ምሳም ሽሮ ነው። ጓያ አብዛኛውን ጊዜ ከሽምብራ ስለሚረክስ፣ ሽምብራ በተወደደ ቁጥር ሳይናገሩ ለመቀላቀል የሚገፋፋው ትርፍ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ከረጢቱ የሚደርሰው ሌላ አማራጭ የሌለው፣ ሽሮን ጠዋትና ማታ የሚበላው ቤት ነው። በዘር በሚወረስ የደም ጉድለት የተነሳ ባቄላ የሚያሳምማቸው ሰዎችም እንዳሉ አንርሳ።

ለውጭ ገዢ የሚሄደው ሽምብራ እንዴት እንደሚሸጥ ተመልከቱ። የፍሬው መጠን በሚሊ ሜትር፣ ርጥበቱና ባዕድ ነገሩ በመቶኛ ተለክቶ ውል ላይ ይሰፍራል። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ከሐበሻ ሱቅ የሚገዙት እሽግ ሽሮም ውስጡ ያለው ነገር ሊዘረዘርበት ግድ ነው፤ የአሜሪካ ሕግ ያስገድዳል። የእኛም አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ለሽሮ በቂ መረጃ ማለት ከእህሉ ስም ወዲያ ሌላ ምንድን ነው?

የሙያ ጓደኞቼ ይህን ሳነሳ ሁለት ነገር ይመልሱልኛል። አንደኛው «አመጣጠናችን ምስጢራችን ነው» የሚል ነው። የቅመሙ አመጣጠን ምስጢር ይሁን፤ ማንም እንዲገልጥ አልጠየቀም፣ እኔም የራሴን አልሰጥም። የሚጻፈው እህሉ ብቻ ነው፤ ሽምብራ ይህን ያህል፣ አተር ይህን ያህል፣ ጓያ ካለበትም ጓያ ይህን ያህል ተብሎ። ሁለተኛው የወጪ ነገር ነው፤ ይህኛው እውነት አለው። ጉልት ላይ ሽሮ የምትሸጥ እናት ከረጢት አሳትሚ ብትባል ከሥራ ትወጣለች። ስለዚህ በማሽን እያሸጉ ለሱፐርማርኬት ከሚያቀርቡት ይጀመር፤ የታተመ ከረጢታቸውን እስኪተኩ የጥቂት ወራት ጊዜ ይሰጣቸው፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ከየሱቁ ናሙና እያነሳ የተጻፈውን ከውስጡ ጋር ያመሳክር። በልቅ ለሚሸጡት ደግሞ ጆንያው ላይ የሚሰካ፣ የእህሉ ስም በእጅ የተጻፈበት ካርቶን ይበቃል። እኔ ሱቄ ውስጥ እንዲያ ነው የማደርገው፤ «ሽምብራና አተር» ከሚለው ጆንያ አጠገብ «የባቄላ» የሚል ቆሟል፤ ደንበኛዬም እንደ አቅሟ መርጣ ትገዛለች።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የባልትና ባለሙያ
ከአዲስ አበባ