መኪናው ደረሰ፤ ክሩስ?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ፣ በየከተማው በረንዳ ላይ ሲንጀሩን በእግሩ እየረገጠ የሚሰፋውን ልብስ ሰፊ ያውቃል። ለእነዚህ ከተሞች ችግረኞች የስፌት መኪና እንለግስ የሚሉ ወገኖችን በጎ አሳብ አልጠራጠርም። ሙግቴ ከልገሳው ሥርዐት ጋር ነው። ባነር ይሰቀላል፤ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያስ? መርፌው ሲሰበር ማን ይተካዋል? መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪኩ መኪና ምን ይሠራል? ርካሽ ሰልባጅ በሞላበት ገበያ የተሰፋውን ቀሚስ ማን ይገዛዋል?

ሐዋሳን ተመልከቱ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ መኪና አልጎደለውም። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ ግን የብዙ ሠራተኞች እንጀራ ተናጋ። ገዢ የሌለው መኪና ብረት ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነገሩ። ስድቡ ዛሬ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ ባለሙያን ካሜራ ፊት አቁሞ ተመጽዋች ማስመሰል ከስድብ በምን ይለያል?

እንግዲህ ለጋሾች ሆይ፣ በእግር የሚረገጠውን ምረጡ። ከመኪናው ጋር ክርና መርፌ ላኩ፤ በየከተማው አንድ ጠጋኝ አሠልጥኑ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ክልሉን ያዳረሰው ጦርነት እንዳሳየን፣ መንገድ ሲዘጋ ከሩቅ የሚጠበቅ መለዋወጫ አይደርስም። ከሁሉም በላይ ሥራ እዘዙ፦ ለተማሪዎች የደንብ ልብስ ልትለግሱ ካሰባችሁ፣ እዚያው ቢቸናና ሞጣ አሰፉት። ለሰፊ ከጭብጨባ ይልቅ የሚያስከብረው የእጁ ዋጋ ነው።