ጫጩቶቹ ስንት ወላጅ ነበራቸው?

ይድረስ ለክልላችን የዓሣ ጫጩት አባዢና አከፋፋይ ባለሙያዎች፣

ከመካነ ሰላም የምጽፍላችሁ ከሪፖርታችሁ ስለቀረ አንድ ቁጥር ነው። ስንት ሺህ ጫጩት እንደተሰራጨ፣ ዓሣው ስንት ግራም እንደመዘነ ትነግሩናላችሁ፤ ከስንት ወንድና ከስንት ሴት እንደተገኘ ግን አትነግሩንም። አውራ በጉ የወለዳቸውን ማጥቃት ሲጀምር አስተዋይ አርቢ ይለውጠዋል። ለቆሮሶስ፣ ለቲላፒያ ዓሣችን፣ ማን ይጨነቅለት?

በኩሬው 50 ወላጅ አለ እንበል፤ 5 ወንድ፣ 45 ሴት። ወንዶቹ ጥቂት ስለሆኑ በዘር ሒሳብ እነዚህ እንደ 18 ብቻ ይቆጠራሉ። እንዲህ እየተባዙ 10 ትውልድ ከሄዱ የሥጋ ዝምድናው 25 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ወንድምና እህት ተዳቅለው ከሚወልዱት ጋር እኩል ማለት ነው። ቆሮሶ በሞቃት ውሃ ዓመት ሳይሞላው ለመራባት ስለሚደርስ 10 ትውልድ ሩቅ አይደለም።

ትልልቁን ብቻ ለዘር የማስቀረት ልማዳችሁ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ የጥቂት ቤተሰብ ልጆች ናቸውና። ቆጠራም ብቻውን አያድንም። ጉልበተኛው ወንድ ሌላውን አባርሮ ጎጆውን ይይዛል፣ ሴቷም እንቁላሉን በአፏ ታቅፋለች፤ የማን ልጅ እንደሆነ በዓይን አይለይም። ከክንፉ ጫፍ ቆርጦ፣ በአልኮል አቆይቶ ዲኤንኤውን ማስመርመር ያስፈልጋል።

ስትመረምሩም የዘረመል ብዝኃነቱን አማካይ ብቻ አታሳዩን። ወላጅ ሲያንስ ቀድመው የሚጠፉት ብርቅዬዎቹ የዘረመል ዓይነቶች ሲሆኑ፣ አማካዩ ለጊዜው ደህና መስሎ ይቆያል። ከተማችን ከ2500 ሜትር በላይ ናት፤ ቆሮሶ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ነው። ብርድ የሚችል ዘር ይወጣ ከሆነ ምናልባት ከእነዚያ ብርቅዬዎች ነው።

ጊፍት የተባለው ታዋቂ የቲላፒያ ዘር እ.ኤ.አ. በ1988 ፊሊፒንስ ውስጥ ሲጀመር ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የዱር ዓሣ ተሰብስቦ በእስያ እርባታ ከነበሩ አራት ዘሮች ጋር ተዳቅሏል። መጀመሪያ የተደከመው መሠረቱን ለማስፋት ነበር። የታይላንዱ የቺትራላዳ ዘር በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1965 ከጃፓን በስጦታ ከተላኩ 50 ዓሦች ተነሣ።

እዚሁ ደቡብ ወሎ ያለው የሎጎ ሐይቅ ቆሮሶም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከሌላ ውሃ መጥቶ የተጨመረ ነው። ከዚያ ጥቂት ወላጅ መውሰድ የጠበበውን ዳግም ማጥበብ ስለሚሆን፣ ከመነሻው ሐይቅ ዓሣ ጋር ሳታነጻጽሩ «ብዝኃነቱ በቂ ነው» አትበሉን።

ስለዚህ ከጫጩቱ ፌስታል ጋር አንድ ገጽ ይምጣልን፦ የየትኛው ውሃ ዘር እንደሆነ፣ በስንት ወንድና ሴት እንደተባዛ፣ ስንተኛ ትውልድ እንደደረሰ፣ ዲኤንኤው መቼ እንደታየ። የምርመራው ገንዘብ በየዓመቱ ባይገኝ በየሁለት ዓመቱ ይሁን። የወላጆቹ መዝገብ ግን ከደብተርና ከእስክርቢቶ ሌላ ወጪ የለውምና ከዘንድሮ ጀምሩት።