ቋንቋ በተማሪ ብዛት አይመዘንም



ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ለሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት ዕውቅና ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 39 ደግሞ ቋንቋን የመጻፍና የማሳደግ መብትን አረጋግጧል። ገዢዎቻችን እነዚህን አንቀጾች በየበዓሉ ያነቡልናል። ታዲያ ሰዋስው የሚያጠና፣ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ፣ መምህር የሚያሠለጥን ምሁር ከዩኒቨርሲቲ ካልወጣ ቋንቋውን ማን ያሳድገዋል?

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. በውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት የተከፈተ ነው። ምህንድስናውን አንጠላም፤ ከተማችን ኮርታበታለች። የተቃወምነው በ2000ዎቹ ዓመታት ከመቶ ሰባውን ተማሪ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ የመደበውን ቀመር ነው። ሕጉም፣ ኢኮኖሚክሱም፣ ሒሳብ አያያዙም በቀረው ሠላሳ ላይ ሲሻሙ ለጋሞኛና ለዘይስኛ ምን ሊተርፍ? በዚህ ላይ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። ተማሪ ሲመናመን በመጀመሪያ ባዶ የሚቀረው ትንሹ ትምህርት ክፍል ነው።

«ፈላጊ የለም» ይሉናል። ፈላጊ የጠፋው ቀጣሪ ስለጠፋ ነው፤ ዋናው ቀጣሪ ደግሞ ራሱ መንግሥት ነው! አንቀጽ 20 የችሎቱን ቋንቋ ለማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይፈቅዳል። በጥብቅና ችሎት ለችሎት የኖርን ሰዎች ግን አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ በአካባቢው የተገኘ ሰው መሆኑን እናውቃለን። አንዲት ግሥ ተዛብታ ስትተረጎም ሰው ይታሰራል።

የቋንቋ ጉዳይ በካድሬ ሲወሰን የሚሆነውንም አይተናል። በ1992 ዓ.ም. ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፋኛንና ዳውሮኛን ቀላቅለው «ወጋጎዳ» ብለው መማሪያ መጽሐፍ ሲያወጡ ሶዶ ላይ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉም ቀረ። በአንጻሩ በአባያ ሐይቅ የጊዲቾ ደሴት ሰዎች የሚናገሩት ሐሮ ሰዋስው የተጻፈለት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጸሐፊዋም በኋላ የዚሁ መንግሥት ሚኒስትር የሆኑት ዶ/ር ሂሩት ወልደማርያም ናቸው። አገር ውስጥ ሥነ ልሳን የሚሰጥ ትምህርት ክፍል ባይኖር ያ ሥራ በማን እጅ ይጻፍ ነበር?

ፓርቲያችን ድምፃችሁን ሲያገኝ የአካባቢያችን ቋንቋዎችና ባህል ጥናት በተማሪ ቁጥር የማይታጠፍ ቋሚ በጀት እንዲመደብለት በምክር ቤት ያቀርባል። ለፍርድ ቤቶች የሠለጠኑ አስተርጓሚዎች በደመወዝ እንዲቀጠሩም ያስገድዳል። ሊመርጡን የሚመጡትን ሁሉ፣ ገዢውን ፓርቲም ጭምር፣ በዚህ ጉዳይ ላይ በሲቀላ አደባባይ እንድትጠይቁን እንሻለን።