ስለ ሰማያዊው ሸራ ጫማ

ባለፈው ሰሞን አንድ የተከበሩ ወዳጄ፥ ልጃቸው ሰማያዊ የሸራ ጫማ እንዲገዙለት አጥብቆ ቢለምናቸው፥ «ለሸራና ለጎማ ይህን ያህል ገንዘብ ማን ይከፍላል?» ብለው ከለከሉት። ልጁም አኩርፎ ሦስት ቀን ከአባቱ ማዕድ ቀረ። ነገሩን ለእኔ ቢያጫውቱኝ፥ ከመፍረዴ አስቀድሜ የጫማውን ታሪክ ልነግራቸው ወደድሁ።

ጫማው ኦል ስታር የሚባለው ነው። የቅርጫት ኳስ በ1891 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ናይስሚዝ በተባለ መምህር ከተጀመረ በኋላ፥ በዚያው በማሳቹሴትስ የነበረው የኮንቨርስ ፋብሪካ በ1917 ለዚሁ ጨዋታ የሚሆን አድርጎ አወጣው። ቸክ ቴይለር የሚባል ተጫዋችም ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ጨዋታውን ሲያስተምር ጫማውንም ይሸጥ ነበርና፥ በ1930ዎቹ ስሙ በቍርጭምጭሚቱ ላይ ባለው ክብ ምልክት ተጻፈ። ሰማያዊው ግን ዘግይቶ የመጣ ነው፤ አስቀድሞ የሚበዛው ጥቁርና ነጩ ነበር።

ስለ መልኩ የተጠየቅሁ እንደሆነ፥ እኔ ከሁሉ ሰማያዊውን እመርጣለሁ። ነጩ ጭቃ አንድ ቀን ቢነካው ያዝናል፤ ሰማያዊው ግን በታጠበ ቍጥር እየሳሳ ሲሄድ እንኳ ከነጩ ጎማና ከነጩ ማሰሪያ ጋራ ያምራል። (ለቢሮና ለግብር ግን አይሆንም፤ በዚህ ከወዳጄ ጋራ አንድ ነን።)

የዋጋው ነገር ሌላ ነው። የኮንቨርስን ኩባንያ በ2003 ናይኪ የሚባለው በ305 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታልና፥ ከምንከፍለው ገንዘብ ጥቂቱ ለስሙ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። የቀረው ለሥራው ነው፤ ይኸውም ጎማው ከድኝ ጋራ በሙቀት በስሎ ከሸራው ጋራ መጣበቁ ነው። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው ጫማውን በእጁ አጥፎ፥ ጎማውና ሸራው የሚገናኙበትን ዙሪያውን ይመልከት፤ ከአሁኑ ክፍተት ካለበት ይመልሰው። ሶሉም ስስና ዝርግ ስለሆነ፥ ለዝላይ እንደ ዛሬዎቹ አይመችም፤ ታላላቆቹ ተጫዋቾችም ወፍራም ሶል ያላቸው የቆዳ ጫማዎች ሲመጡ ትተውታል።

ወዳጄ ይህን ሰምተው ልጁን አስጠሩና፥ «ለመጫወት ነው ወይስ ለመታየት?» ብለው ጠየቁት። «ለመታየት ነው፥ አባባ» ብሎ እውነቱን ቢናገር ሣቁና ገዙለት፤ ቍጥሩን ግን አንድ ጣት ያህል አስፍተው ነው።